ባለ ሰገነት ሱቅ ሁሉ የጣሊያን አይደለም

ወንድሜ፣ «በሰሜን ሸዋ ከተሞች ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ አሮጌ ቤት ካየህ ጣሊያን የሠራው ነው» ያልከው ልክ አይደለም። አልፈርድብህም፣ እኛም ሰፈር ያረጀ ፎቅ ሁሉ «የጣሊያን» ነው የሚባለው።

ጣሊያን እዚህ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ሐረር ያለውን፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ተመልከት። ያ ሁሉ የእንጨት ጌጥ ያለበትን ቤት ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባም ከወረራው በፊት የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችና ግንበኞች ነበሩባት። የእኛው አገር ንግድም ቢሆን ጣሊያንን አልጠበቀም። አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚጎርፍባት ገበያ ነበረች።

መለየት ከፈለግህ ቀለሙን ተወውና ልስኑ የረገፈበት ቦታ ሂድ። ከውስጥ የቆመ እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ ካየህ፣ የአገሬው አሠራር ነው። ፊቱ ላይ በረንዳና የተጠረበ እንጨት ስለተጨመረበት ብቻ ጣሊያን አይሆንም። በእርግጥ ጭቃውም ብቻውን ዕድሜውን አይነግርህም፤ ዛሬም በጭቃ ይሠራል። የቤቱን ዘመን ለማወቅ የድሮ የቦታ ወረቀት ካለ እሱን ማየት ይሻላል።

የጣሊያን ሥራ ማየት ካማረህማ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ አለልህ። እሱን ማንም አይክድህም።