ጃቫስክሪፕት በአማርኛ ቪዲዮ ወይስ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የዌብሳይት ፕሮግራም የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ ለመማር ከአማርኛ ቪዲዮ የእንግሊዝኛው ነፃ ጽሑፍ ይሻላል።» ደጋፊው ኮዬ ፈጬ ሆኖ ዌብሳይት ይሠራል። ተቃዋሚዋ ቱሉ ዲምቱ ወጣቶችን ታስተምራለች።

ደጋፊ፦ «ጥሩ መማሪያ አጣን» የሚሉ ልጆች ይገርሙኛል። የዌብ ቋንቋዎችን የሚያብራራው የሞዚላ ድረ ገጽ፣ ኤምዲኤን፣ ነፃ ነው። ኮድ የሚያስተምረው ፍሪኮድካምፕም ነፃ ነው። እንዲህ ያሉ ማብራሪያዎችን የሰበሰበውን ዴቭዶክስን ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረዱት፣ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ቁጭ ብለው ያለ ኔት ያነቡታል። ልጆቻችን ግን ፓኬጃቸውን በሁለት ሰዓት ቪዲዮ ይጨርሳሉ። የቪዲዮው አስተማሪ ዛሬም ለቫሪያብል ስም በሚሰጥበት በድሮው ቃል፣ በ«ቫር»፣ ይጀምራል። በእሱ ቦታ የሚጻፉት «ሌት» እና «ኮንስት» ከመጡ እኮ ቆዩ፤ በፈረንጆቹ 2015 ነው! እንግሊዝኛ የከበደው መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይማር።

ተቃዋሚ፦ «መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይማር» አልክ? ወንድሜ፣ ለማለት ቀላል ነው። አንድ ተማሪዬ የሱቅ ሂሳብ መደመሪያ ሠራ። 50 አስገባ፣ 20 አስገባ። 5020 ብሎ መለሰለት። ከተጠቃሚው መልስ የሚቀበለው ትእዛዝ፣ ፕሮምፕት፣ የተጻፈለትን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው። የመደመር ምልክቷም ሁለቱን ጎን ለጎን ገጠመቻቸው። በአማርኛ ሳስረዳው ወዲያው ገባው። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው «ነምበር» ውስጥ ከተታቸው፣ 70 ወጣ። ጭንቅላቱ ይሠራል። እንግሊዝኛ እስኪጨርስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?

ደጋፊ፦ ምሳሌሽ ለእኔ መሰከረ። ፕሮምፕት ጽሑፍ እንደሚመልስ ኤምዲኤን በአንድ መስመር ጽፎታል። ነገ አንቺ በሌለሽበት ሌላ ጉድ ሲገጥመው ማንን ይጠይቃል? ብራውዘሩ መልእክት በሚያሳይበት ኮንሶል ላይ በቀይ የሚወጣው ስህተት እንግሊዝኛ ነው። ስለ ቫር ደግሞ ጭጭ አልሽ።

ተቃዋሚ፦ ከእንግዲህ «እርስዎ» ልበል፤ ከላይ ሆነው ነዋ የሚያናግሩን። ያቺን ዓረፍተ ነገር አልሻሯትም፤ «መጀመሪያ ይማር» እንዳለች አለች። ምናልባት ለእርስዎ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ተከፍሎልዎት ይሆናል። ጃቫስክሪፕት እኮ ብሬንዳን አይክ በፈረንጆቹ 1995 በ10 ቀን ያደረሰው ቋንቋ ነው። ጉዱ ብዙ ነው፤ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል።

ደጋፊ፦ የአባቴን ኪስ ተይው። የተማርኩት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ክፍላችንም ጢም ያለ ነበር። እንግሊዝኛዬን ያሻሻልኩት ያንኑ ኤምዲኤን መዝገበ ቃላት ይዤ ሳነብ ነው። ማንም አላስረዳኝም። እኔ የቻልኩትን ተማሪዎችሽ አይችሉም ማለት እነሱን መናቅ ነው።

ተቃዋሚ፦ ንቀቱ ወደ እኔ ዞረ? ይሁን። ኤምዲኤን በፈረንሳይኛ አለ፣ በጃፓንኛ አለ፣ በኮሪያኛ አለ። ጃፓኖቹን «መጀመሪያ እንግሊዝኛ ተማሩ» ያላቸው የለም፤ የራሳቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ተረጎሙላቸው። እኛ ጋ እንግሊዝኛውን የቻለ ሰው ምን ሠራ? ያልቻለውን ገሠጸ።

ደጋፊ፦ ማን ይተርጉመው? ቋንቋው ከፈረንጆቹ 2015 ወዲህ በየዓመቱ አዲስ እትም ይወጣለታል። ተርጉመሽ ሳትጨርሺ ያረጃል። ያው የቫሩ ቪዲዮ በጽሑፍ ሆነ ማለት ነው።

ተቃዋሚ፦ ፕሮምፕት ዛሬም ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፤ አላረጀም። ያንን ገጽ እኔ እጀምረዋለሁ። እርስዎ ያርሙልኛል ወይስ መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ልማር?