ሶቪየቶች ቡልፓፑን መተዋቸው ስህተት ነበር?

የተነሳው ሐሳብ፦ ካዝናው ከምላጩ ኋላ ሰደፉ ላይ የሚገባበትን መሳሪያ፣ ቡልፓፕ የሚባለውን፣ ሶቪየቶች ሠርተው ጦራቸውን ሳያስታጥቁት መቅረታቸው ስህተት ነው።

ደጋፊ፦ በደንብ ነው እንጂ ስህተት የነበረው። የቱላ ከተማው የመሳሪያ ንድፍ ሠሪ ጌርማን ኮሮቦቭ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራውን ቡልፓፕ ቲኬቢ-022 እዩት፣ በርሜሉ 415 ሚሊሜትር፣ ልክ የክላሽን ያህል፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ግን 525 ብቻ! ክላሽ 870 ነው። ቢኤምፒ የሚባለው እግረኛ ጫኝ የጦር ተሽከርካሪ ውስጥ 8 እግረኛ ተጨናንቆ በጎን ቀዳዳ ሲተኩስ ይሄ ልዩነት ምን እንደሆነ አስቡት። ጄኔራሎቹ አዲስ ነገር ፈርተው ነው የጣሉት፣ ሌላ ምክንያት የለም።

ተቃዋሚ፦ ፈርተው? ወንድሜ፣ በ1946 ክላሽን የወለደው ውድድር ላይ እኮ የዚሁ ኮሮቦቭ ቡልፓፕ ቲኬቢ-408 ገብቶ ተተኩሶበታል፣ ፈተናውን ስላላለፈ ነው የወደቀው። የፈራ ሰው መጀመሪያውኑ አይፈትንም። ደግሞ በደረቱ ተኝቶ ካዝና የሚቀይረውን ወታደር አስበው፣ ክላሽ ላይ ካዝናው ዓይኑ ስር ነው፣ ቡልፓፕ ላይ ግን ብብቱ ስር ስለሆነ ክንዱን አንስቶ አንገቱን አዙሮ ሊፈልገው ነው፣ ያውም በተኩስ መሃል።

ደጋፊ፦ እኔ ስለ 022 አወራለሁ አንተ 408 ታመጣለህ፣ ከ15 ዓመት በላይ የሚራራቁ መሳሪያዎች ናቸው። ቀለሁ ግራኝ ተኳሽ ፊት ላይ ይፈናጠራል የሚባለውን እንኳ ኮሮቦቭ ፈቶታል፣ 022 ላይ ቀለሁ ከበርሜሉ በላይ ባለ ቱቦ ወደ ፊት ነው የሚወጣው።

ተቃዋሚ፦ ስለ ግራኝ ማን አነሳ? "ፈርተው ነው" ላልከው መልስ ስጠኝ። በ1980ዎቹ አባካን በተባለው የአዲስ ጠመንጃ ውድድር ላይም የንድፍ ሠሪው ስቴችኪን ቡልፓፕ ገብቷል፣ ያሸነፈው የሌላው ንድፍ ሠሪ የኒኮኖቭ ጠመንጃ ነው። ሁለቴም ፍርሃት ነው? አጭር ለሚፈልግ ደግሞ አጭሩ ክላሽ ኤኬኤስ-74ዩ ነበረላቸው፣ ሰደፉ ሲታጠፍ 490 ሚሊሜትር።

ደጋፊ፦ እሱማ በርሜሉ 206 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ተቆርጦ ነው ያጠረው፣ ጥይቱም ጉልበት ያጣል። ኮሮቦቭ በርሜሉን ሳይነካ ነው ያሳጠረው። ደሞስ ሶቪየት ከፈረሰች በኋላ ያንኑ ኤኬኤስ-74ዩ መነሻ አድርገው ግሮዛ የሚባል ቡልፓፕ አልሠሩም?

ተቃዋሚ፦ ሠሩ፣ ለልዩ ኃይል። የጀመርነው ጦሩ በሙሉ መታጠቅ ነበረበት ብለህ ነው፣ አሁን ልዩ ኃይል ላይ ደረስን።

ደጋፊ፦ ለልዩ ኃይል ከሆነ ለቢኤምፒው እግረኛ የማይሆነው ለምንድነው? እሱም ጠባብ ቦታ ነው የሚዋጋው። የኮሮቦቭን የዕድሜ ልክ ሥራ እንደ መጫወቻ ማውራትህ ነው ያናደደኝ።

ተቃዋሚ፦ መጫወቻ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ያልተናገርኩትን አትለጥፍብኝ። ኮሮቦቭን አከብረዋለሁ። ተኝቶ ካዝና ስለሚቀይረው ወታደር ግን እስካሁን አንድ ቃል አልመለስክልኝም።