«ሸራ ጣል አርግበት» ለምትሉ

ሐምሌ ገባና ለጭነት መኪና ሹፌር የምትወረወረው ያቺ ቃል ደግሞ ተጀመረች። «ደመናው ከብዷል፣ ሸራ ጣል አርግበት!» ጣል! ነጠላ መሰላችሁ እንዴ?

መኪናና ተሳቢ 400 ኩንታል ሲጭን በ50 ኪሎ ከረጢት 800 ከረጢት ነው። ይሄ ሁሉ ክፍት ካሶኒ፣ ማለት የመኪናው ጭነት መያዣ ላይ ነው የሚደረደረው፤ ጣሪያ የለው፣ ግድግዳው ያቺው ስፖንዳ፣ የጎን መከለያዋ። ሸራው ደረቁን እንኳ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያወጣው ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላማ እንደ ሬሳ ይከብዳል። ሹፌርና ረዳት ሁለቱንም ካሶኒ በወጉ ሸፍነው አስረው እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅባቸው አይገርምም። ለዚያ ሁለት ሰዓት የሚከፍል ግን ገና አልተወለደም።

ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጎማ የሚረጨው ውሃ በወለሉ ስንጥቅ ሽቅብ ይገባል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ካሶኒው ይጠረጋል፣ ምስማርና የሽቦ ቁራጭ ይለቀማል፣ ወፍራም ላስቲክ ወይም አሮጌ ሸራ ይነጠፋል፣ ጠርዙም በስፖንዳው ወደ ላይ ይታጠፋል። ይሄን እስክትጨርስ የሚታገስህ ማነው? ከኋላ ወረፋ አለ፣ ጫኞቹ ይጮሃሉ፣ «ቶሎ በል!» ነው። የታችኛው ረድፍ ረጥቦ ሲገኝ ግን ያንን ጩኸት የሚያስታውስ የለም።

አደራደሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መሃሉ ከዳር ከዳሩ ከፍ ብሎ እንደ ቤት ጣሪያ ጀርባ ማውጣት አለበት። ደልዳላ ከሆነ ሸራው ላይ ኩሬ ይሠራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100 ሊትር ውሃ ነው፤ 100 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሲጋራ የተረኮሰባት የምታህል ቀዳዳ ትበቃለች።

ሁለት ሸራ ሲደረብ ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ነው የሚመጣው፤ የፊተኛው በኋለኛው ላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ይደረባል። ተገልብጦ ከተደረበ ነፋሱ በመጋጠሚያው ገብቶ እንደ ጃንጥላ ይነፋዋል፣ ዝናቡም ተከትሎ ይገባል። የፊት ማዕዘኑ እጥፋት አፉ ወደ ኋላ ካልዞረም እንደዚያው። አዳማ አጠገብ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ፎቶ መነሻ አይደሉም እኮ፤ እዚህ አገር ነፋስ አለ! ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ሁሉ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ካልገባበት ደግሞ እየፈተገ ሸራውን ይበላዋል።

ስለ ገመድ ካነሳን፣ የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ይኮማተራል፣ ሲደርቅ ይላላል። ዝናብ ላይ ወጥረህ ያሰርከው ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ልብስ ማስጫ ይረግባል። ባለ መወጠሪያ ቀበቶም ቢሆን ከረጢቱ ተናውጦ ሲጠቀጠቅ ስለሚላላ፣ ከመነሻው 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቆሞ እንደገና መወጠር ግድ ነው። በዝናብ፣ ያውም በጭቃ ዳር ቆሞ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ኬላ ላይ «ፍታው» ይባላል። ሁለት ሰዓት የታሰረ ሸራ ለሦስት ደቂቃ ፍተሻ ይገለጣል፤ ፈታሹ በባትሪ አየት ያደርግና ወደ ቆርቆሮው ሥር ይመለሳል። መልሶ የሚያስረው ማነው? ፍተሻው ይቅር አላልንም። ሁለት መኪና የሚያስጠልል መጠለያ መሥራት አቅቶ ነው?

ባለንብረት ጨርሶ የማይሰማው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ላቡ። ጅቡቲ በዚህ ወቅት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ የወደቡም አየር እርጥብ ነው። እዚያ የተሸፈነ ጭነት ያንን አየር ሸራው ውስጥ ይዞ በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽን አልፎ ከ1,600 ሜትር በላይ ወዳለችው አዳማ በሌሊት ይወጣል። ሸራው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ከሥሩ ወደ ውሃ ተለውጦ ከረጢቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የድስት ክዳን ማለት ነው። አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይነካው ላይኛው ረድፍ ይረጥባል። መፍትሔው ከላይ እርጥበት የሚመጥ ነገር፣ ካርቶንም ቢሆን፣ መደረብና ደረቅ አየር ሲገኝ ጎኑን ገለጥ አድርጎ ማናፈስ ነው። ማን ይሰማል! «ሸራው ያፈሳል፣ ሹፌሩ ተኝቷል» ተብሎ ከውሎ አበሉ ይቆረጣል። ሸራውን አብርተው ቢያዩት አንድ ቀዳዳ የለውም።

ስለዚህ ሹፌሮች፣ እርጥብ ከረጢት ሲጫንላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ሰነዱ ላይ «ሲጫን እርጥብ ነበር» ብላችሁ አጽፉ፣ ከመሸፈኑ በፊትና ከተሸፈነ በኋላ ፎቶ አንሱ፣ ከመራገፉ በፊትም እንደዚያው። ሊያኮርፏችሁ ይችላሉ፤ ያኩርፉ።

መጋዘን ደርሶም አያልቅም። «ዝናብ ስላለ ዛሬ አይራገፍም» ይባልና መኪናው ሦስት ቀን ይገተራል። ለከረጢቱ የታሰበውን ያህል ለሹፌሩ አይታሰብም፤ የቆመበት ቀን አይቆጠርለትማ። ሲራገፍ ደግሞ ያ ውሃ የጠጣ ሸራ ሳይደርቅ መታጠፍ የለበትም፣ ይሻግታል። ነሐሴ ላይ ያን የሚያህል ሸራ የት ይሰጣ? እርጥቡን ይታጠፋል፣ ተሳቢው ላይ ይወረወራል፣ ክሩ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። መስከረም ላይ ሲወጥሩት ተርርር ይላል። የሱም ሂሳብ ከማን እንደሚቆረጥ ገምቱ።