እኛ ሰፈር ልምድ በሽበሽ ነው

ባቡሩ አያት ላይ ይቆማል። እውቀት ግን አይቆምም። ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ ሲኬድ፣ ግራና ቀኝ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ ያላለቀው ቪላ፣ በቆርቆሮ የታጠረው ግቢ ሁሉ ድመት በሚያውቅ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ይህን ጸጋችንን ሳናውቀው ስንኖር ቆይተናል። የገለጠልን ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን የለጠፈችው ሰፈራችን ጫፍ ላይ ግቢ ተከራይታ የተጣሉ ድመቶችን የምታስጠጋ ሴት ናት። ሰፈሩ «የድመቶቹ እናት» ይላታል። ስሟን የጠየቃት የለም። ልምዳችን በድመት ላይ እንጂ በጎረቤት ላይ አይደለም።

«እሜቴ ቤት ትፈልጋለች» ይላል ጽሑፉ። «ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። እንዳትወልድ ተደርጋለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ወስዳለች። ሲነካኳትና ሲጮህባት ቶሎ ትረበሻለች። ስትረበሽ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ስለዚህ የምንፈልገው ትንንሽ ልጆች፣ ውሻና ሌላ ድመት የሌለበት፣ ጸጥ ያለ፣ ልምድ ያለው ቤት።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰፈሩ ዓይን ያረፈው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ላይ ነው። ልምድ ያለው ቤት። ታዲያ እኛ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

በማግስቱ ግቢው በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ለዘይት እንኳ ያን ያህል አልተሰለፍንም። ደላላ ሳይቀር መጥቶ «ልምድ ያለው ቤት በእጄ አለ፣ ኮሚሽኑን እንነጋገር» ብሏል።

ቀድመው የደረሱት ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ናቸው።

«ድመት ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «ዘጠኝ ድመት ያሳደግኩ ሰው ነኝ!»

«አሁን የት ናቸው ጋሼ?»

ጋሼ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። አንዷን ገልባጭ መኪና ገጫት። ሁለቱ መርዝ የበላ አይጥ በልተው ሞቱ። አንዷን ጅብ ወሰዳት። አንዷ «እንዲሁ በሆነ ነገር»። የቀሩት አራቱ ደግሞ «ሄዱ»።

«መርዙን ግን አሁንም አልተውኩም» ብለው ጨመሩ። «ድመት ብቻዋን አትችለውም።»

ልምድ ካሉ አይቀር እንዲህ ነው! አንዲት ድመት አሥራ አምስት ዓመት ያኖረ ሰው ምኑን አየ? አንዲት ድመት ብቻ። ጋሼ ግን ዘጠኝ አይተዋል። አምስቱንም እስከ መጨረሻው ሸኝተዋል።

እህል ነጋዴው ወሬ አያበዛም። ድመት ለእሱ ተቀጣሪ ናት። መጋዘን ውስጥ በሲባጎ ትታሰራለች፤ ምሳ የላትም፤ ደመወዟ አይጥ ነው። «ድመት ከጠገበች አታድንም» አለ። የድመቶቹ እናት ማደንና መራብ ለድመት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሆዷ የሞላ ድመትም አይጥ ሽው ሲል ካየች እንደምትነሳ ልታስረዳው ሞከረች። ሰውዬው አዘነላት። መጽሐፍ ያበላሸው ሰው ባየ ቁጥር ያዝናል። ታስራ እንዴት እንደምታድን የጠየቀው የለም፤ ነጋዴን እንዲህ ዓይነት ነገር መጠየቅ ነውር ነው። እምቢ ስትለውም አልተቀየመም። ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች «እሜቴን ለልጃችን ብለን መጥተናል» ብለው ከበሩ ላይ ቆሙ።

ምግብ ከተነሳ አይቀር፣ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ከልብ የመነጨ ነገር ተናግረዋል። «ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ሥጋ አይገባም። እንደ እኛው ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። የበፊቷ ድመታችንም ስትጾም ነው የኖረችው።» 55 ቀን! እርግጥ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ዓይኗና ልቧ የሚፈልጉት ታውሪን የሚባል ነገር ከሽምብራና ከአተር አይገኝም። ሽሮው ውስጥ የገባው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ግን ይሄ ሁሉ ሥጋዊ አስተሳሰብ ነው። አበው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት እኚህን ወይዘሮ ስላላወቋቸው ነው። እሳቸው ቤት የገባች ድመት ዓመሏን መርሳት ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ቆይታ መንገዱም አይታያት።

የሰፈራችንን ልምድ በሙሉ ክብሩ ያሳዩን ግን ባለ ሱቋ እትዬ ናቸው። ወረቀቱ የተለጠፈው በእሳቸው በር ስለሆነ ቅድሚያ ይገባኛል ባይ ናቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ድመት የጎደላት ፍቅር ነው» አሉ ገና ሳይገቡ።

እሜቴ መስኮት ሥር ካርቶን ላይ ተጋድማለች። ግራጫ ናት፣ ደረቷ ነጭ። የድመቶቹ እናት «ራሷ ከመጣች ብቻ። ጉንጯን፣ ለትንሽ ጊዜ» አለች። እትዬ ብድግ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሯት። ከራሷ እስከ ጭራዋ አሿት።

መጀመሪያ ኩርር ማለቷን አቆመች። ከዚያ የጭራዋ ጫፍ ብቻ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አለ። እትዬ ማሸታቸውን ቀጠሉ። የጀርባዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ እርግብግብ አለ። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ዞሩ፣ ቀጥለውም ወደ ኋላ ተለጠፉ። የዓይኗ ብሌን ሰፋ፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ራሷን ወደ እጃቸው አዞረች። ጭራዋ አሁን ጭናቸውን እየመታ ነው።

«እዩ፣ እዩ! ጭራዋን ስትቆላ! ደስ ብሏታል!» አሉ እትዬ። ሆዷን ሊኮረኩሩም ገለበጧት።

የሆነው ሆነ።

ክንዳቸው ላይ አራት ሰንበር ወጣ። አውራ ጣታቸው ሥር ሁለት ቀዳዳ። እሜቴ ቁም ሣጥን ሥር ገባች። «ምንም ሳታስጠነቅቀኝ!» አሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው። የተናገረችው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው።

የድመቶቹ እናት እትዬን ቧንቧ ጋ ወስዳ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አሳጠበቻቸው። ጤና ጣቢያም ይሂዱ አለች። እሜቴ ብትከተብም የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቀዳዳው ይጠብና ውስጡ ቶሎ ይመረቅዛል። በር ላይ የተሰበሰበው ባለ ልምድ ግን ሳሙናውን ንቆ የቡና ዱቄት አመጣና ቁስሉ ላይ ነሰነሰ። ወዲያው ምርመራው ቀጠለ። አንዱ «ዛር አለባት» አለ። አንዷ «ጠበል ትወሰድ» አለች። ጋሼ ከኋላ ሆነው ጥርሷ እንዲነቀል ሐሳብ አቀረቡ።

ለነገሩ እትዬ ላይ ማን ይፈርዳል? እኛ ፍቅር የምንሰጠው በእጅ ነው። እንግዳ «ጠገብኩ» ካለ ማዕዱ ገና መጀመሩ ነው፤ «አፈር ስሆን!» ተብሎ ጉርሻው በግድ ይገባል። ሕፃን ጉንጩ እስኪቀላ ይቆነጠጣል። ሲያለቅስ «ሰው አይለምድም» ይባላል። ጥግ ይዞ ዝም ያለ ሰው ካየን «ምነው፣ ተጫወት እንጂ!» ብለን መሐል እናስቀምጠዋለን። ሰው አፍ አውጥቶ «በቃኝ» ሲለን ይሉኝታ ነው ብለን የምናልፍ ሰዎች፣ የድመት ጭራ እንዲገባን መጠበቅ ግፍ ነው።

ጸጥታውም ቢሆን ችግር የለብንም። «ቤቴ ጸጥ ያለ ነው» ያለው ወጣት ይህን የተናገረው እየጮኸ ነበር፤ አለበለዚያ አይሰማም። ከአጥሩ ወዲያ ብሎኬት ማምረቻ አለ። ከአጥሩ ወዲህ ሠርግ ኖረም አልኖረ የማይጠፋ ሞንታርቦ አለ። ጠዋት «ልዋጭ!» እና «ቆራሌው!» አለ። ሌሊት ውሻና ጅብ ይከራከራሉ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የድመት ግን 60,000ን ያልፋል። እንግዲህ ከሰፈራችን ሙዚቃ ለእኛ የሚያመልጠን ሁሉ ለእሷ በነፃ ይደርሳታል። ደስታዋን መገመት ነው። ይኸው ወጣት በስልኩ የቲክቶክ ዕቅድም ይዟል፤ ስትበላ ከኋላዋ ኪያር አስቀምጦ ዞር ብላ ስትዘል ይቀርጻታል። ለእሷም ታዋቂነት ነው።

አመልካቾቹ በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር አንድ ናቸው። «ካልተስማማን መመለስ ይቻላል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለምን ይጠይቃል? ጆንያ አለ። ቧጨረች፣ ጆንያ። ወለደች፣ ጆንያ። ምንጣፍ ላይ ሸናች፣ ጆንያ። ከዚያ ወንዝ ማሻገር፣ መንገዱ እንዳይገባት ጆንያውን ዞር ዞር ማድረግ፣ ገበያ ጥግ መፍታት። እኛ ድመት አንገድልም፤ ልባችን ሩኅሩኅ ነው። ሞቷ ካላየነው ቦታ ከሆነ ደግሞ ማን ገደላት ይባላል? እሜቴ ራሷ ወደ ግቢው የመጣችው በዚሁ የትራንስፖርት አገልግሎት ነው። ገና ግልገል ሳለች፣ ቦይ ዳር፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ ጆንያ ውስጥ ተገኘች። የድመት ልጅ ሰው የምትለምደው በአብዛኛው ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስለ ሰው ምን እንደተማረች ጆንያው ይመሰክራል። የመጣችው ልምድ ካለው ቤት መሆኑ አያጠራጥርም።

በመጨረሻ አንዲት ልምድ የሌላቸው ሴትዮ መጡ። ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቡና ሲጠሯቸው «ዛሬ አልችልም» የሚሉ ናቸው፤ በሰፈሩ አነጋገር ሰው አይወዱም። ያሳደጉት አንዲት ድመት ብቻ ነው፤ እሷም አርጅታ ሞተች። ከጋሼ ዘጠኝ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል።

ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እሜቴን አላዩአትም። «ውርዬ፣ ውርዬ» አላሉም። ቦርሳቸውን መሬት አኖሩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የመብራት ሒሳብ ደረሰኛቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው ሰፈር በሳቅ ሞተ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገለበጡ። አንድ ቁጥር አልጣማቸው መሰለኝ፣ በእስክሪብቶ አሰመሩበት።

እሜቴ ከቁም ሣጥኑ ሥር ወጣች። ቦርሳውን አሸተተች። ጉንጯን ማንገቻው ላይ አሻሸች። ሴትዮዋ አንድ ጣት ዘረጉላት፤ አሸተተችው። ጉንጯን ሁለቴ አከክ አድርገውላት እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ለምን አቆሙ?» አለች የድመቶቹ እናት።

«ከፈለገች ትጨምራለች። እኔም ብዙ ሲነካኩኝ አልወድም።»

ከዚያ የጠየቁት ነገር ሁሉ የሚያሳዝን ነው። የተኛችበትን ካርቶን መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ፣ ሽታው የራሷ ስለሆነ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ክፍል ለብቻዋ ቢሰጧት ይሻላት እንደሆነ ጠየቁ። ስታጫውቷት በእጅ ነው ወይስ እንጨት ላይ ገመድ አስራችሁ አሉ፣ እጅን መጫወቻ ካደረገች መንከስ ትለምዳለች ብለው። ወተት አላመጡም። ሰልፈኛው ሁሉ ወተት ይዞ ነበር የመጣው። ለካ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የላም ወተት ሆዷን ያበላሻታል። ይህንንም የተናገሩት ማንንም ሳያርሙ፣ ሲጠየቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልምድ አለው ይባላል?

እሜቴ ለእሳቸው ተሰጠች። ሰፈሩ እስካሁን አልተዋጠለትም። «በወጉ እንኳ ሳይነኳት!» እያሉ እትዬ ዕቃ በሸጡ ቁጥር ይገረማሉ። አሁንማ ድመቷ አልጋ ላይ ተኝታ ትውላለች፣ ማንንም አልቧጨረችም የሚል ወሬ ከአራተኛ ፎቅ ወርዷል። አላመንም። በዐይናችን ሳናይ አናምንም።

ደግነቱ ቂመኞች አይደለንም። ልምዳችንንም ለብቻችን አንበላም። እሑድ ከሰዓት ሁላችንም ተሰብስበን እንኳን ደስ አለዎት ልንላቸው እንወጣለን። እትዬ ክንዳቸው ስለዳነ ዳግም ይሞክራሉ። ጋሼ ትንሽ መርዝ ይይዛሉ፣ ምናልባት አይጥ ካለ። ወጣቱ ኪያሩንና ስፒከሩን አይረሳም። ሴትዮዋ በሩን ቶሎ ላይከፍቱ ይችላሉ፤ ግድ የለም፣ እስኪከፍቱ እናንኳኳለን። ልጆች ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ድመቷ አልጋ ሥር ከገባችባችሁ አታስቡ፣ መጥረጊያ ይዘናል።