የሄርማታ ልጆች፣ በረንዳውን መልሱ

የጅማ መርካቶ፣ የድሮዋ ሄርማታ፣ ነጋዴዎች፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ተራ ሌላ ቀን ይደርሳል። አሁን የምናገረው ለባለ ሱቁ፣ ለተከራዩ፣ ከተከራይ ላይ ለተከራየውም ነው።

ሰሞኑን ኮሪደር ልማት በተባለ ቁጥር ሁላችሁም የቅርስ ተቆርቋሪ ሆናችኋል። ቡና ቤት ተቀምጣችሁ፣ እግር በእግር ላይ አነባብራችሁ «የጅማ ታሪክ ጠፋ» ትላላችሁ። እሺ፣ ጠፋ እንበል። የሱቃችሁን በረንዳስ ማን አጠፋው?

ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ዝናብ ሲጥል፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩት እስቲ። የአሮጌዎቹ ሱቆች ቆርቆሮ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ በእንጨት ምሰሶ የተደገፈው ለምን ይመስላችኋል? እግረኛ እንዲጠለልበት ነዋ። የጅማ ዝናብ እንደሆነ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። አሁን ግን ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ፍራሽ ተደርድሯል። ከላይ ጀሪካን በሲባጎ ተንጠልጥሏል። የፕላስቲክ ወንበር እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ምሰሶው ራሱ ማስታወቂያ ተቀብቶበት እንጨት ይሁን ብረት አይለይም። ልጅ ያዘለች ሴት ጥላዋን ይዛ ልታልፍ ትሞክራለች። መተላለፊያ የለም። ጭቃው ውስጥ ትወርዳለች። ከኋላዋ ባጃጁ ጡሩንባውን ይለቅባታል። ባለ ሱቁ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ «ነይ እናቴ፣ ምን ልስጥሽ?» ይላታል። መንገዷን ስጣት!

ይህ ሰፈር እንዴት እንደተገኘ ብታውቁ ኖሮ እንዲህ አታደርጉም ነበር ልል አልፈልግም። ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ስትተርኩ ሰምቻለሁ። የምትተርኩት ግን የሚጣፍጠውን ብቻ መርጣችሁ ነው።

እዚህ ከከተማው የቀደመው ገበያው ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፣ ከመሀል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሄርማታ ግን ሜዳው ላይ፣ የሐሙስ ገበያ የሚቆምበት ቦታ ነበር። አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ገዙ። ለአፄ ምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። ጎረቤት ግዛቶች በዘመቻ ሲታመሱ የጅማ ገበያ ቆሞ ዋለ። ሲራራ ነጋዴው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ሰላም መንገድና በኬላው የታወቀ ቀረጥ። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይገባል፣ ከዚህ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል።

ሰውም ይወጣ ነበር። ይህን ነው የማትተርኩት። ሄርማታ በባሪያ ንግድ የታወቀ ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተጋዙ ሴቶችና ልጆች እዚህ ተሽጠዋል። ስለ አባቶቻችን የንግድ ችሎታ ደረት የሚነፋ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት። ለልጆቻችሁ ስለ ቡናው ብቻ አውርታችሁ ስለ ሰዎቹ ዝም ካላችሁ፣ ታሪኩ ጠፋ የማለት አፍ የላችሁም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ጎዳና ቀየሰ፣ መሥሪያ ቤት አቆመ። እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የነጩን ሰፈር ከአገሬው ለየ። «ፈረንጅ አራዳ» የምንለው ስም ዛሬም አለ፣ ስንጠራው ምንም አይመስለንም። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ጅማን ሲለቅ ግንቡና መንገዱ ቀረ። በዚያ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተው፣ በረንዳውን ያሞቀው ግን የእኛው ሰውና አብሮን የኖረው የመን ዐረብ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ እየሰፋ፣ እግረኛው አጠገቡ እያለፈ፣ ሁለቱም ዝናቡ ሳይነካቸው ይውሉ ነበር። ለካ መቻቻል ይቻላል!

የበረንዳው ነገር መበላሸት መቼ እንደጀመረ ከጠየቃችሁኝ፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. እላለሁ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ያን ጊዜ ወጣ። ባለቤቶቹ ሲያከራዩት የነበረው ሱቅ የመንግሥት ሆነ፣ ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ ወረደ፣ ድሃም ተጠቀመ፣ እሱን አልክድም። ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። ተከራዩ «ቤቱ የቀበሌ ነው» ይላል። ቀበሌው «በዚህች ኪራይ ምን ላድስበት?» ይላል። ምሰሶው በመሀል በሰበሰ።

ይህ ያኔ ነው። ዛሬ ምን አላችሁ? በጥቂት ብር የቀበሌ ሱቅ ይዛችሁ ለሌላው በብዙ እጥፍ የምታከራዩ ሞልታችኋል። ከዚያች ትርፍ አንድ ቆርቆሮ አልገዛችሁበትም። ደህና ገንዘብ ያገኘው ደግሞ ሌላ ጥፋት አለው። ተጣጣፊውን የእንጨት በር ነቅሎ ላሜራ ይገጥማል። ፊቱን በአሉኮቦንድ ያለብሰዋል። በቃ፣ ሱቁ የትም ከተማ ያለ ሱቅ መሰለ። የተነቀለው በር የት ሄደ ስትሉት «ማገዶ ሆነ» ይላችኋል፣ ሳያፍር። አናጺነቷ በአገር በታወቀ ከተማ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ በየሰው ቤት በሚገኝ ከተማ!

የአዌቱን ወንዝም ሳላነሳ አላልፍም። ማታ ሱቅ ስትዘጉ የጠረጋችሁትን ካርቶንና ፌስታል ቦዩ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቦዩ ወደ ወንዙ ይወስደዋል፣ ወይም ይደፈንና የሐሙስ ዝናብ ሱቃችሁ ድረስ ይመልስላችኋል። ያን ጊዜ «መንግሥት የት ነው?» ነው።

እና ምን ይደረግ? እኔ አሮጌ ነገር ሁሉ አይነካ የሚል ሰው አይደለሁም። ሊወድቅ የደረሰ ቤት ይፍረስ። አዲስ ፎቅም ይሠራ። ግን ምድር ቤቱን ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ለእግረኛው መጠለያ ተዉለት። ዲዛይን ስታሠሩ መሐንዲሱን ይህን እዘዙት። አንድ ሜትር ተኩል አትከስሩበትም፣ በዝናብ ቀን ሰው የሚቆመው ከእናንተ ዕቃ ፊት ነው።

ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀትም አታቃጥሉ። የአያታችሁ የንግድ ፈቃድ፣ የቡና መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው የተነሡት ፎቶ የዚህ መንገድ ታሪክ ነው። ለከተማው ሙዚየም መስጠት ከከበዳችሁ ኮፒውን ስጡ። ዩኒቨርሲቲውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ የታሪክ ተማሪ ልኮ እንዲመዘግብ ጠይቁት። ሐጂዎቹና ጋሼዎቹ በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። የትኛው ሱቅ የማን እንደነበር፣ የት ቡና ይመዘን እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሲያርፉ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ስንት ነገር ያውቁ ነበር» ማለት ምን ያደርጋል?

«ቀበሌው ያስተካክል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የበሰበሰውን ምሰሶና የተሰበረውን ቦይ አዎ፣ ቀበሌው ያስተካክል። አቤቱታ ጻፉ፣ እኔም እፈርማለሁ። ፍራሹን ግን በረንዳው ላይ ያወጣው ቀበሌው አይደለም። እሱን ከመጪው ሐሙስ በፊት ወደ ውስጥ አስገቡት።