ጋሼ፣ ተራዬ ነው

ደሴ ተወልዶ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው የመዝናኛ ፓርክ ሐረጎ ነው። መግቢያው የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ሹራብ ደራርበህ ትነሳለህ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በጠመዝማዛው የሐረጎ ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡ ወገብህ ላይ ታስሯል። በመሃል ጆሮህ ይደፈናል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ከጎንህ ያሉት እትዬ ከነዘንቢላቸው አንተ ላይ ይመጣሉ። ከፊት ወንበር «እመ ብርሃን!»፣ ከኋላ ወንበር «ያ አላህ!» ይሰማል። ሹፌሩ ለሁለቱም «አብሽሩ» ይላል። ረዳቱ ፌስታል ያድላል። ትልልቆቹ ሎሚ ያሸታሉ። እኛ ልጆቹ እንስቃለን፣ እስኪያስመልሰን ድረስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንገባበት የልጆች መጫወቻ፣ እውነት ለመናገር፣ ከመንገዱ ያነሰ ነበር። ስሙን ተዉት። ዥዋዥዌ አለው። ስንት የበዓል ሱሪ የበላ የቆርቆሮ ሸርተቴ አለው። አንድ ጆሮ የጎደለው የሲሚንቶ አንበሳም አለው። ዋናው ግን ጎማው ነው። አራት ሳጥን ያንጠለጠለ፣ ቀይና ቢጫ የተቀባ፣ የሚሽከረከር ብረት። ሞተር የለውም፤ አንድ ጎረምሳ በእጁ ይገፋዋል። ጎረምሳው ይደክመዋል፤ የሚደክመው ደግሞ ሁልጊዜ አንተ ጫፍ ላይ ስትሆን ነው። ሳጥኑ ሲጥ ሲጥ እያለ እላይ ተንጠልጥለህ፣ እሱ ከታች ለውዝ እየፈለፈለ ሲበላ ታየዋለህ።

የዚህ ጎማ ቅድመ አያት በፈረንጆቹ 1893 ቺካጎ ላይ የቆመው ነው። ፌሪስ የሚባል የድልድይ መሐንዲስ ሠራው። ቁመቱ 80 ሜትር ገደማ፣ ሳጥኖቹ 36፣ አንዱ ሳጥን 60 ሰው የሚይዝ ነበር። የኛው በአንድ ሳጥን ሁለት ልጅ ይይዛል፤ ጾም ከሆነ ሦስት።

ቢሆንም ሌላ አልነበረንም። ክፍላችን ውስጥ አዲስ አበባ ሄዶ ቦራ መዝናኛ ፓርክ የገባ አንድ ልጅ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላ እኛን ሰላም ለማለት ቀጠሮ ያስፈልግ ጀመር። ሐምሌ 2009 ላይ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ታናሽ ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ሸርተቴው እስኪታይ ጠበቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ሼድ ታየ፣ ንግግር ተደረገ። ዜናው አልቆ ስለ አየር ሁኔታ ሲወራም አልተነሳም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ መጣና «ኮምቦልቻ እንውረድ፣ ትዝታችንን እንቀስቅስ» አለኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው ከኛው አገር ነው፣ ትዝታንም የሚነጥቀን የለም። ወሎዬ በትዝታ ሲጠራ ቀረ ከተባለ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ወዳጄ ከኪሱ ሎሚ አወጣ። ልብ በሉ፣ ሎሚ! ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ «ሹፌር፣ ቀስ በል እንጂ፣ ቤተሰብ አለን» አለ። ቤተሰብ የለውም።

መጫወቻው እዚያው አለ። አንበሳው ሁለተኛ ጆሮውንም አጥቷል። ጎማው ከአጥሩ ብዙም አይበልጥም። ድሮ ከጫፉ ላይ ቦርከና ወንዝ እስከ መጨረሻው ይታየኝ ነበር። አሁን የሚታየው የጎረቤት ግቢ ነው፤ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል፣ በርበሬ ተሰጥቷል።

የቅዳሜ ከሰዓቱ ሕዝብ ግን ሌላ ነው። ዥዋዥዌው ላይ ሙሽራ። ሸርተቴው አናት ላይ ሙሽራ፣ ቬሎዋን ሦስት ሚዜ ተሸክሞላት። ጎማው ውስጥ ሌላ ሙሽራ ከነባሏ ተጣብቃ ተቀምጣለች። ባል ሆዬ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። ካሜራማኑ መሬት ላይ ተኝቶ «ልጅነታችሁን እያሰባችሁ፣ ሳቅ! የእውነት ሳቅ!» ይላል። ሙሽራው የእውነት ለመሳቅ ሲሞክር ኮቱ ብብቱ ሥር ተተረተረ። ድሮኑ ከላይ ይጮኻል። ልጆቹ የት ናቸው? አጥሩን ተደግፈው፣ ትኬታቸውን ይዘው፣ የትልልቅ ሰዎችን ልጅነት ያያሉ።

አንዱ ትንሽ ልጅ ትዕግሥቱ አልቆ አንበሳው ላይ ወጣ። ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ። «ውረድ አንተ! እዚህ መጫወቻ አይደለም! ሰው ሥራ ላይ ነው!»

ጥበቃው የቆመበት ግድግዳ ላይ «ከ12 ዓመት በላይ መጫወት ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

አንዷ ሙሽራ ዥዋዥዌውን ስትለቅ እኔ ዘው አልኩበት። ምን ላድርግ፣ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰንሰለቱ አቃሰተ። ሁለቴ እንደተወዛወዝኩ አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ትኬቱ በላብ ርሶ እጁ ላይ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ተራዬ ነው።»

ጋሼ! እናቴ እስካሁን ማሙሽ ነው የምትለኝ። መልስ ሳላገኝ ጥበቃው ደረሰ።

«ወንድምዋ፣ ሙሽራ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ውረድ።»

ወረድኩ። ልጁ ሊቀመጥ ሲል ግን ሌላ ቬሎ በበሩ ገባ። ጥበቃው ልጁን በአንድ እጁ ወደ አጥሩ፣ ሙሽራዋን በሌላው ወደ ዥዋዥዌው አሳለፈ። ፈረንጆቹ ከ1955 ጀምሮ ዲዝኒላንድ የሚባል አላቸው፤ እዚያም ጎልማሳ ያለ ልጅ ከፍሎ ይገባል፣ ማንም አይስቅበትም። ግን ወረፋ ይይዛል።

ወዳጄን ስፈልገው ከጥበቃው ጋር ጥግ ይዟል። ስለ ድሮው እያወሩ መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

«ግማሽ ቀን ብንይዘውስ?»

«የጥር ቅዳሜዎች አልቀዋል። እሑድ አለ።»

«ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትጠልቀው?»

ሐረጎን ስንወጣ ሎሚውን እያሸተተ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ቀለበት አስሯል። ካሜራማን ቀብድ በልቷል። ልጅቷ ጎማውን በፎቶ አይታ ወዳዋለች።

«ገፊው ጎረምሳ እኮ የለም» አልኩት፣ ተስፋ አድርጌ። «ሄዷል፣ ጂቡቲ ነው አሉ። ማን ሊገፋው ነው?»

«ታዲያ አንተን ሚዜ ያደረግኩህ ለምን ይመስልሃል?»