ሆድ ሞላ ማለት ሰውነት ተመገበ ማለት አይደለም

ስለ ምግብ ስናወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ጥጋብ ነው። በላህ? ጠገብሽ? መልሱ አዎ ከሆነ ከዚያ ወዲያ አንጠይቅም። ጥጋብ ግን የሚነግረን ስለ ሆድ ብቻ ነው። ደም፣ አጥንት፣ ነርቭና አንጎል የሚፈልጉትን ማግኘት አለማግኘታቸውን አይነግረንም። ሰው በቀን ሦስቴ እየበላ፣ እንዲያውም እየወፈረ፣ ውስጡ ሊራብ ይችላል። ባለሙያዎች ስውር ረሃብ ይሉታል። እኔ ደግሞ ከሚታየው ረሃብ ባልተናነሰ ሊያስጨንቀን ይገባል ባይ ነኝ።

ሰውነት የሚፈልጋቸው ነገሮች በስድስት ይመደባሉ፤ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ ማዕድንና ውሃ። ጉልበት የሚሰጡን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚጦፈው ክርክርም በእነሱ ዙሪያ ነው። በፊት ጠላት የተባለው ቅባት ነበር፣ አሁን ደግሞ ተራው የካርቦሃይድሬት ሆኗል። "ጨርሶ አቁሙት" የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አርፈን ቁጭ ባልንበት ሰዓት እንኳ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ዋናው ነዳጁም ከካርቦሃይድሬት የሚገኘው ግሉኮስ የተባለው ስኳር ነው። ቅባት ከሌለ ደግሞ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። ፕሮቲንም ቢሆን ጂም ለሚሠራ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሰውነት ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ጎልማሳ በቀን 48 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። የትኛው ቅባት፣ ምን ዓይነት ካርቦሃይድሬት፣ ምን ያህል ብሎ መጠየቅ ያባት ነው፤ አንዱን ከነጭራሹ ማባረር ግን ሌላ ጉድለት መጥራት ነው።

እኔን የሚያሳስቡኝ ግን በሚሊግራምና በማይክሮግራም የሚለኩት ትንንሾቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ስከርቪ በተባለ በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸውና ለየጥንዶቹ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ለአንዶቹ ኮምጣጤ፣ ለሌሎቹ የባሕር ውሃ፣ ለሁለቱ ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ። በሳምንት ውስጥ ጎልቶ የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ናቸው። ሰዎቹ እኮ ብስኩትና ሥጋ እየበሉ ነበር የታመሙት! የጎደላቸው ቫይታሚን ሲ ነው። ቆዳን፣ ድድንና የደም ሥርን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ያለዚህ ቫይታሚን በትክክል አይሠራም። አሮጌው ኮላጅን ይፈርሳል፣ አዲሱ ደካማ ሆኖ ይወጣል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ድሮ የዳነ ቁስል ሳይቀር ተመልሶ ይከፈታል። ይህን ሁሉ መዓት ለመከላከል በቀን 10 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ በመደበኛነት ማደል የጀመረው በ1795 ነው። መፍትሔው በእጅ እያለ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ዛሬም ተመሳሳይ መዘግየት አለ። ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ የሆነውን ፎሊክ አሲድን ለምሳሌ ውሰዱ። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ቱቦው በትክክል እንዲዘጋ የሚረዳው ደግሞ ፎሊክ አሲድ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ። ምክሩ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ እናትየው ለክትትል ስትመጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ያ ቱቦ ወይ ተዘግቷል ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ይሄ ያንገበግበኛል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ብቻ ሳትሆን ባሏም ሊያውቀው ይገባል። ብዙ እርግዝና ደግሞ ሳይታቀድ ስለሚመጣ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ መጨመር በሕግ ግዴታ መሆን አለበት እላለሁ።

ብረትም እንዲሁ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም፤ ሄሞግሎቢን ካነሰ ኦክስጅን ወደ ጡንቻና ወደ አንጎል በበቂ አይደርስም። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ሲያስፈልጋት ለአዋቂ ወንድ 8 ይበቃዋል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ሳህኑ ላይ ግን አይታይም። እና ደረጃ ስትወጣ የምትደክመዋ፣ ክፍል ውስጥ ሐሳቧን መሰብሰብ ያቃታት ልጅ "ሰነፍ" ትባላለች። ስም ከመለጠፍ በፊት ደሟ ቢመረመር ምን አለ? ምስርና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን በቀላሉ አይመጠጥም። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ይሻሻላል፤ ሻይና ቡና ደግሞ እንዳይመጠጥ ይይዙታል። ሻዩን ከምግብ ጋር ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን የሚያነብ ሰው ሮጦ ኪኒን እንዲገዛ አልፈልግም። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ፅንስም ያበላሻል። ብረትም ሲበዛ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይበላ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አዮዲን ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ የ70 ዓመቱ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። እሱ ሲጎድል የታይሮይድ እጢ ያብጥና እንቅርት ይሆናል፤ በእርግዝና ጊዜ በጣም ሲጎድል ደግሞ የልጁ አንጎል ይጎዳል፣ ያ ጉዳት ደግሞ ኋላ አይጠገንም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ጨው ላይ አዮዲን እየጨመረች ይህን ችግር ተገላግላለች። ጨው ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለው አንብቡ። ጨው በቀን ከ5 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ የምትበሏት ትንሿ ጨው አዮዲን ያላት ትሁን። እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ስለሚያባክኑት ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ድስቱ ውስጥም የምትጨምሩት ምግቡ ሊወጣ ሲል ይሁን።